ዴራ ሽቶ ገበያ ላለው ወንድማችን ምስጋና፣ የጽጌረዳ ሽቶ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ዱባይ ዴራ፣ ከወርቅ ገበያው አለፍ ብሎ ያለውን የሽቶ ገበያ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ ገና ሳይገቡ አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ወረቀት ነክሮ አፍንጫ ስር ያስጠጋል። በዚያ ግርግር መሃል ዘይት የሚቀምም አንድ ወገናችን አለ። ሥራው ሊመሰገን ይገባዋል። ስምና ስልክ በአደባባይ አንለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀ እንናገራለን።

አንደኛው ምስጋና «ዛሬ አትግዙ» ስለሚል ነው። አንዱን ዘይት በግራ እጅ አንጓ፣ ሌላውን በቀኝ ጠብ አድርጎ ደንበኛውን ያሰናብታል፤ አራት ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ወይም በማግስቱ ተመለሱ ይላል። ከሌሎች ዘይቶች ጋር የተቀመመ ጽጌረዳ ቆዳ ላይ ካረፈ በኋላ ስለሚለዋወጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሎሚና የቅጠል ሽታ ይቀድማል፤ ግማሽ ሰዓት ሲሆን አበባው ይወጣል፤ ማታ ላይ የሚቀረው ሰንደሉና ዑዱ፣ ማለትም ከሽታማ እንጨት የሚወጡት ከባድ ዘይቶች ናቸው። ወረቀት ይህን ሁሉ አያሳይም። በአንድ ቀን ከሦስት በላይም አያስሸትትም፣ አፍንጫ ይደክማላ! አንዳንድ ሱቆች አፍንጫ ለማሳረፍ የተቆላ ቡና በብርጭቆ ያስቀምጣሉ። ቡና ለእኛ ቡና ነው፣ ለዚህ ግን ከንጹህ አየር የተሻለ አይሠራም። እሱ «በር ላይ ወጣ በሉና የራሳችሁን እጅጌ አሽትቱ» ነው የሚለው።

ወንዶች የሚያነሱበት ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ ጽጌረዳ የሴት አይደለም ወይ? እዚያው ገበያ ውስጥ ጽጌረዳና ዑድ ደባልቀው ጺማቸው ላይ የሚቀቡ የአገሬው ሽማግሌዎች መልስ ናቸው። «ሳሙና ሳሙና ይላል» የሚለው ቅሬታ ግን እውነት አለው። ጽጌረዳን ጽጌረዳ የሚያሰኙት ሲትሮኔሎልና ጄራኒዮል የሚባሉት የሽታ ንጥረ ነገሮች የሳሙና ማሽተቻ ሆነው ስለኖሩ አፍንጫችን ያንን ነው የሚያስታውሰው። መድኃኒቱ ጽጌረዳውን መቀነስ ሳይሆን ከስሩ የሚከብድ ነገር ማስገባት ነው። ለወንድም ለሴትም የሚሆነው የእሱ ቅምም በ3 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ ወደ 60 ጠብታ ይሆናል፤ 40 ሰንደል፣ 15 ጽጌረዳ፣ 4 ዑድ፣ አንዲት ጠብታ ዘዕፈራን (ሳፍሮን)። ዑዱ ስምንት ቢደርስ አበባው ይታፈናል። ዘዕፈራኑ ከበዛ ደግሞ ቆዳ ቆዳ ይላል። ቀምሞ ሲያበቃ ሁለት ሳምንት ጨለማ ቦታ አስቀምጡት ይላል፤ በዕለቱ ከተቀባችሁት እያንዳንዱ ለየብቻው ይሸታል።

ሁለተኛው ምስጋና የሚሸጠውን ነገር በስሙ ስለሚጠራ ነው። ጣኢፍ ከመካ በላይ ባለው ደጋ፣ በሚያዝያ አካባቢ፣ ጎህ ሲቀድ የሚለቀም ጽጌረዳ አላት። ለአንድ ቶላ፣ ማለትም ለ12 ግራም ገደማ ዘይት፣ ከ10,000 በላይ አበባ ይፈልጋል። የአበባው አለቃቀምና አወጣጥ ባህል በ2024 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ሽታው ቅመም ቅመምና ሻይ ሻይ ይላል። የቡልጋሪያው ለስለስ ብሎ ወደ ማር ያደላል፤ እዚያ አንድ ኪሎ ዘይት ለማውጣት ከሦስት ሺህ ኪሎ ያላነሰ አበባ ይሄዳል። ስለዚህ በ50 ድርሃም «ንጹህ የጣኢፍ ጽጌረዳ» የሚላችሁ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል። ወንድማችን በዚያ ዋጋ የሚሰጠውን «ይህ ቅንብር ነው፣ ከአበባ የወጣ አይደለም» ብሎ ነው የሚሰጠው። ጥሩ ቅንብር ደግሞ አያሳፍርም።

ውድ ዘይት ለሚገዛ የሚያሳየው ፍተሻ አለው። በእንፋሎት የወጣ ንጹህ የጽጌረዳ ዘይት ውስጥ ተፈጥሯዊ ሰም ስላለ ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ እንደ መርፌ የቀጠነ ክሪስታል ይሠራል፤ ብልቃጡን መዳፍ ውስጥ ሲይዙት ይቀልጥና ይጠራል። ካልረጋ፣ በሌላ ዘይት ቀጥኗል ብሎ መጠርጠር ነው። ረጋ ማለት ግን ንጹህ ነው ማለት አይደለም፣ ሰም የሚጨምሩም አሉ። ቀላ ያለውና ወፈር ያለው በኬሚካል ተነክሮ የሚወጣው ዓይነት በዚህ አይፈተንም። የዚህኛው ሽታ ወደ ትኩሱ አበባ የበለጠ ይቀርባል፤ ፊኒል ኢታይል አልኮል የሚባለው ክፍል በእንፋሎቱ ጊዜ ወደ ጽጌረዳ ውኃው ሲሄድ፣ በኬሚካሉ መንገድ ግን እዚያው ይቀራል።

«አገራችን ጽጌረዳ ሞልቶ እዚህ ምን ያስገዛናል?» ለሚሉትም መልስ አለው። የዝዋይና የሆለታ እርሻዎች አበባ ለግንዱ ርዝመትና ተቆርጦ ለመቆየቱ የተመረጠ ነው፤ ሽታው ደካማ ስለሆነ ቢጨመቅም ለዘይት አይሆንም። ከእኛ ለጽጌረዳ የሚስማማው ዕጣንና ከጥሪኝ የሚገኘው ዝባድ ነው። ዝባድ በመርፌ ጫፍ ካለፈ ግን ክፍሉን ጥላችሁ ትወጣላችሁ።

አቀባቡ ቀላል ነው። ከታጠባችሁ በኋላ ቆዳው ደረቅ ከሆነ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ፣ ከዚያ ከጆሮ ጀርባ አንድ፣ በክንድ መታጠፊያ አንድ ጠብታ። እጅ ለእጅ አትፈትጉ። በጠራራ ፀሐይ በአልኮል የተረጨው ቶሎ ይበናል፣ ዘይቱ ይቆያል። ነጠላና ነጭ ቀሚስ ላይ ግን ዘይት አታስጠጉ፤ ዑድና ቀዩ ጽጌረዳ የሚተዉት ቢጫ ነጥብ በቀላሉ አይለቅም። ብልቃጡን መኪና ውስጥ ከረሳችሁት በበጋው ሙቀት ይበላሻል።

ቆዳው የሚቆጣ ሰው ከመጣ በክንዱ ውስጠኛ በኩል በትንሹ ቀብቶ 24 ሰዓት ይጠብቅ ዘንድ ይመልሰዋል፤ ሲትሮኔሎልና ጄራኒዮል አለርጂ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ጉድለቱንም እንናገር፤ ዝግተኛ ነው፣ ብልቃጡ ላይ የሚጽፈው እጅ ጽሑፍም አይነበብም፤ የቅምሙን ቁጥር ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ቅዳሜ ማታ ሰልፍ ስለሚበዛ በሥራ ቀን ከቀትር በፊት ሂዱ፣ መጀመሪያም 3 ሚሊውን ብቻ ውሰዱ።