ሳውናው ደኅና ነው፤ ማስታወቂያው ግን ይታረም

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ አንድ የሳውናና የስቲም ቤት በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ገብቻለሁ፤ በሁለተኛው የፓርኪንሰን ሕመም ያለባቸውን አባቴን ይዤ ነበር። የሳበኝ በሩ ላይ የተለጠፈው «ሙቀት የአንጎል ጠባቂ ፕሮቲኖችን ይቀሰቅሳል፤ ፓርኪንሰንንና አልዛይመርን ያድናል» የሚለው ጽሑፍ ነው።

በአገልግሎቱ ብዙ ቅሬታ የለኝም። ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ የእንጨት መቀመጫው ሰው በተነሣ ቁጥር ይወለወላል፤ ከእንፋሎቱ ጋር የሚመጣው የባሕር ዛፍ ሽታም በልጅነታችን ጉንፋን ሲይዘን ብርድ ልብስ ተከናንበን የታጠንነውን ያስታውሳል። ለአንድ ሰዓት 400 ብር መክፈልም አይቆጭም።

ማስታወቂያው ግን ከእውነት ተነሥቶ እጅግ ርቆ ሄዷል። ፕሮቲኖቹ በእርግጥ አሉ፤ የመታወቃቸው መነሻ ጣሊያናዊው ተመራማሪ ፌሩቺዮ ሪቶሳ ሙቀት የበዛባቸው የፍራፍሬ ዝንብ ሕዋሳት የተወሰኑ ጂኖቻቸው እንደሚነቁ በ1962 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ግኝት ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤችኤስፒ 70 («ሂት ሾክ ፕሮቲን»፣ ሕዋስ ሙቀት ሲበዛበት የሚያመርተው ፕሮቲን) አጣጣፋቸው፣ ማለትም ቅርጻቸው፣ የተበላሸ ፕሮቲኖችን ይዞ ለማቃናት ይሞክራል፤ የማይቃኑትን ደግሞ እንዲወገዱ ያግዛል። በፓርኪንሰን አልፋ ሳይኑክሊን፣ በአልዛይመር ታውና አሚሎይድ ቤታ የተባሉ ፕሮቲኖች ተበላሽተው በአንጎል ውስጥ የሚጠራቀሙ በመሆናቸው ተመራማሪዎች ይህን ጥበቃ ማጠናከር ይመኛሉ። ይሁን እንጂ ብዙ የነርቭ ሕዋሳት ኤችኤስፒ 70ን ለማምረት ከሌሎች ሕዋሳት ይልቅ ዳተኞች ናቸው። በፊንላንድ 2,315 ወንዶችን ለ20 ዓመት ያህል የተከታተለው ጥናት ሳውና የሚያዘወትሩት በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ መሆኑን ቢያሳይም፣ ምክንያቱ ሙቀቱ ይሁን ቀድሞውንም የነበራቸው ጤንነት አይለይም፤ የታመመን ያድናል ማለትማ ከየት የመጣ ነው?

አባቴ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሲነሡ ዓይናቸው ጨለመባቸው። አስተናጋጁ ልጅ «አባባ፣ ቀስ ይበሉ» ብሎ ደግፎ አስቀመጣቸው፤ ያቀረበላቸው ውኃ ግን እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ግማሹ ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ። ፓርኪንሰንም ሆነ መድኃኒቶቹ ሰው ሲቆም የደም ግፊቱን ሊያወርዱ ይችላሉ፤ ሙቀት ደግሞ የደም ሥሮችን አስፍቶ ያባብሰዋል። እንግዳ መቀበያው ላይ ስለ ሕመምም ሆነ ስለ መድኃኒት የጠየቀን አልነበረም። እኔም አስቀድሜ ሐኪማቸውን ማማከር ነበረብኝ።

ጤነኛ የሆነ ሰው ማለዳ፣ ሰው ሳይበዛ ቢሄድ ይደሰትበታል። ስንወጣ ስለ ማስታወቂያው ለሒሳብ ተቀባይዋ ብነግራት፣ «እሱ እኮ ከአዲስ አበባ ታትሞ የመጣ ነው» አለችኝ።