አንኪድሮይድ ለእንግሊዝኛ ቮካብ፣ ደብረ ብርሃንና አካባቢው ላላችሁ ተማሪዎች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሆናችሁ እንግሊዝኛ ቃላት አልያዝ ላላችሁ ልጆች ነው ይሄን የምጽፈው። አንኪድሮይድ የሚባለውን አፕ (አንኪ የሚባለው የካርድ ማጥኛ ፕሮግራም የአንድሮይድ ስልክ ላይ የሚሰራው ነው) እኔም ታናሽ እህቴም ስንጠቀምበት ከርመናል፣ እሷ 12ኛ ክፍል ናት እኔ ደሞ ለስራዬ ነው። ባጭሩ በጣም አሪፍ ነው፣ ግን አያያዙን ካላወቃችሁበት ብዙም ሳትቆዩ ታጠፉታላችሁ።

አሰራሩ ቀላል ነው። ካርድ ነው፣ ፊቱ ላይ ጥያቄ ጀርባው ላይ መልስ፣ መጀመሪያ በሆዳችሁ ትመልሱና ትገልጡታላችሁ ከዛ አጌን፣ ሃርድ፣ ጉድ፣ ኢዚ ከሚሉት አንዱን ትነካላችሁ። ያወቃችሁት ቃል ከቀናት በኋላ ይመጣል፣ ደግማችሁ ካወቃችሁት ከሳምንታት፣ ከዛ ከወራት በኋላ፣ የረሳችሁት ግን ቶሎ ቶሎ ይመላለስባችኋል። ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 እ.ኤ.አ. ራሱ ላይ ሞክሮ ሰው የሸመደደውን ምን ያህል ቶሎ እንደሚረሳ ያሳየው ነገር ነው መሰረቱ። እኛ የለመድነው ደብተር ላይ ደርድሮ በፈተና ዋዜማ ማነብነብ ለማግስቱ ያደርስ ይሆናል፣ ለማትሪክ ግን አያደርስም።

እኛ ጋ ትልቁ ጥቅሙ ያለ ዳታ መስራቱ ነው። አንዴ ካወረዳችሁት በኋላ ዳታ ተዘጋ፣ የመሐል ሜዳ መንገድ ላይ ኔትወርክ ጠፋ፣ ምንም አይጎልባችሁም፣ ስልኩ ቻርጅ ይኑረው እንጂ። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም።

አሁን ዋናው ነገር፣ እባካችሁ የሰው ካርድ አውርዳችሁ አትሸምድዱ። እህቴ መጀመሪያ ያወረደችው ብዙ ሺህ ቃል ያለው ነበር፣ ፍቺውም በእንግሊዝኛ ነው፣ ፍቺውን ለመረዳት ሌላ ዲክሽነሪ ያስፈልጋል። ተውነውና ከራሷ የባዮሎጂና የጂኦግራፊ መጽሐፍ ዓረፍተ ነገር እያወጣን መስራት ጀመርን፣ ፊቱ ላይ ሙሉው ዓረፍተ ነገር የሚጠናው ቃል ደመቅ ብሎ፣ ጀርባው ላይ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ። ያኔ ነው ለውጡ የታየው። ደሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከሞላ ጎደል ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው ፎቶሲንተሲስ ምናምን የሚሉትን ክፍል ውስጥ አስተማሪው እያብራራለት ይይዛቸዋል፣ ጥያቄ ላይ የሚጥሉት እነ ዌርአዝ፣ እነ ዴስፓይት፣ እነ አሲዩም ናቸው ማንም ቁጭ ብሎ የማያስተምራቸው። እንደነዚህ ያሉትን በብዛት የያዘ የታወቀ ዝርዝር አለ፣ አካዳሚክ ወርድ ሊስት ይባላል፣ ኮክስሄድ የምትባል የኒውዚላንድ ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው 570 የቃል ቤተሰብ (አንድ ቃል ከነዝርያዎቹ ማለት ነው) ያለው። ከሱ እየመረጣችሁ ዓረፍተ ነገሩን ከመጽሐፋችሁ ፈልጉለት።

ድምፅም ጨምሩበት። የአክስቴ ልጅ የላትቪያ ዋና ከተማ ሪጋ ነው የምትማረው፣ አብራት የምትኖረው ላትቪያዊት የእንግሊዝኛ ቃላቷን በዚሁ በአንኪ ነው የምታጠናው እና የሷንና የኛን ሳወዳድረው ብዙ ነገር ገባኝ። ለሷ አንዳንዱ ይቀላታል፣ ፊደሏ ላቲን ነው፣ ቋንቋዋም ከእንግሊዝኛ ጋር የሩቅ ዝምድና አለው፣ አጭርና ረጅም አናባቢም ስለሚለይ መርከብና በግ በእንግሊዝኛ (ship እና sheep) እንደኛ አይምታቱባትም። ግን ላትቪያኛም እንደኛው ከሞላ ጎደል እንደሚነገረው ነው የሚጻፈው፣ ስለዚህ የእንግሊዝኛ ስፔሊንግ እነሱንም ያደናግራል፣ ምላስ ጥርስ መሃል ገብታ የምትወጣዋ ድምፅም (th) እነሱ ጋ የለችም። ቃል ሲጠሩ ደሞ ሁሌ ለማለት ይቻላል የመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው የሚጫኑት፣ እንግሊዝኛ ግን እንደ ቃሉ ቦታ ይቀያይራል፣ ለዛ ነው ልጅቷ ድምፅ የሌለው ካርድ የማትሰራው። ላትቪያኛ ተናጋሪው 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ነው፣ ዝግጁ ነገር መጠበቅ ትታ ለራሷ ትሰራለች፣ እኛ በብዙ አስር ሚሊዮን የምንቆጠረው እንዴት ያቅተናል? አንኪድሮይድ ላይ ስልኩ ራሱ ጮክ ብሎ እንዲያነብ የሚያደርግ ሴቲንግ አለ፣ የእንግሊዝኛውን ድምፅ ዋይፋይ ስታገኙ አስቀድማችሁ ስልኩ ላይ አውርዱት።

የማይመቸው ነገር መልኩ ደረቅ ነው፣ ሴቲንጉም ብዙ ስለሆነ ጀማሪ ያስፈራል፣ አብዛኛውን አትንኩት። አንዱን ግን ቀይሩ፣ ሳይነካ በቀን 20 አዲስ ካርድ ነው የሚሰጠው፣ ወደ 8 ወይ 10 አውርዱት፣ ምክንያቱም የዛሬው አዲስ የነገ ክለሳ ነው፣ ፈተና ሰሞን ትንሽ ቀን ከዘለላችሁ ይከመርና ለመክፈትም ያስጠላል። ንግግር ይለማመድልኛል ብላችሁም አትጠብቁ፣ ለሱ አይደለም የተሰራው።

አይፎን ላላችሁ፣ የአይፎኑ አንኪ በ24.99 ዶላር ነው የሚሸጠው፣ እሱን አትግዙ፣ ኮምፒውተር ላይ ያለው ነፃ ነው፣ በብራውዘርም ይሰራል። ፕሌይስቶር ላይ ስሙ የሚመሳሰል ሌላ አፕ አለ፣ የምትፈልጉት አንኪድሮይድ የሚለውን ነው። የሰራችሁትን ካርድ ደሞ ኤክስፖርት ስትሉት አንድ ፋይል ሆኖ ይወጣል፣ በቴሌግራም ወይ በብሉቱዝ ለክፍል ጓደኛችሁ ላኩት፣ አምስት ልጆች አንድ አንድ የትምህርት ዓይነት ቢከፋፈሉ የዓመቱን መጽሐፍ ይሸፍኑታል። ድምፅና ፎቶ አብሮ እንዲሄድ ሚዲያ የሚለው ላይ ምልክት ማድረግ እንዳትረሱ።