ኮሌታ የሚገለብጡት የሰኞ ገበያው ልብስ ሰፊ

ደሴ ውስጥ ያረጀ ልብስ ይዛችሁ ሄዳችሁ «ይሄንማ ጣይው» የማይል ልብስ ሰፊ ካጣችሁ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ሽማግሌ አሉ። ታፔላ የላቸውም። በረንዳ ላይ በእግር በሚረገጥ ሲንጀር ነው የሚሰሩት። መብራት ሲጠፋ የጎረቤቶቻቸው የስፌት መኪና ሁሉ ቀጥ ይላል፣ የእሳቸው ግን ይቀጥላል።

ዋናው ሙያቸው ኮሌታ ነው። ሸሚዝ መቼም መጀመሪያ የሚያልቀው አንገቱ ጋ ነው፣ ሌላው ገና ደህና ሆኖ ኮሌታው እጥፋቱ ላይ ይሳሳና ይላጣል፣ እኛም ሙሉ ሸሚዙን የወለል መወልወያ እናደርገዋለን። እሳቸው ኮሌታውን በምላጭ ቀስ አድርገው ይተረትሩታል፣ ይገለብጡታል፣ መልሰው እዚያው መስመር ላይ ይሰፉታል። የተበላው ከስር ይገባል፣ ፀሐይ ነክቶት የማያውቀው ወደ ላይ ይወጣል። አለቀ። የሚያስከፍሉትም ከአንድ ማኪያቶ ብዙ አይርቅም።

ሁሉም ሸሚዝ ግን አይሆንም። ጫፉ በቁልፍ የሚያያዝ ኮሌታ ሲገለበጥ የቁልፉ ቦታ ይበላሻል። ከስሩ ሌላ ዓይነት ጨርቅ የተደረገለትም አለ። አንዱን ሸሚዝ ገና ሲያገላብጡት «የኔ ልጅ፣ ይሄ አይሆንም፣ ገንዘብሽን በከንቱ አልበላም» ብለው መልሰውልኛል። ለእኔ ከስፌቱ በላይ ይቺ ናት ደንበኛ ያደረገችኝ።

አንሶላም ውሰዱላቸው። የኮምቦልቻ አንሶላ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጠንካራ ነው፣ ቢሆንም ሰው የሚተኛበት መሃሉ ይሳሳል፣ ዳርና ዳሩ ግን እንደ አዲስ ነው። መሃሉን በቁመቱ ለሁለት ይቀዱትና ሁለቱን ዳሮች መሃል ላይ ያጋጥሟቸዋል፣ የሳሳው ወደ ፍራሹ ጠርዝ ይሄዳል። መሃል ላይ የስፌት መስመር ይኖራል፣ መጀመሪያ ሰሞን ጀርባ ላይ ይሰማል፣ እሱን አልደብቃችሁም።

ኮቱ ግን የጉድ ነው! የአባቴን የሱፍ ኮት አስገለበጥኩት። ገበሩ ይወጣል፣ የነጣው የውጭ ጎን ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ገበሩ ተመልሶ ይገባል። የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ቀልጠፍ ያለ ዓይን ያለው ሰው በዚያ ነው የሚያውቀው። የቁልፍ ቀዳዳውም ወደ ቀኝ ስለሄደ የወንድ ኮት የነበረው አሁን እንደ ሴት ኮት ነው የሚቆለፈው። እኔ ነኝ የምለብሰው፣ ለደሴ ብርድ ከዚህ የተሻለ የለኝም፣ «ከየት ገዛሽው?» ሲሉኝም ደስ ይለኛል። ዋጋው ግን እንደ ኮሌታው አይደለም፣ ብዙ ሥራ አለው፣ ደህና የሰልባጅ ኮት ሊገዛ ምንም አይቀረው። ጨርቁ ጥሩ ካልሆነ አትድከሙ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ቀጠሮ! «ጋሼ፣ ደረሰልኝ?» ስላቸው «አብሽሪ፣ ነገ ኢንሻአላህ» ይሉኛል፣ ነገም ነገ ነው። ለሰርግ የሚለበስ ነገር ከሆነ ቀኑን አስቀድማችሁ ዋሹ። ዚፕም አያምርላቸውም፣ የልጄን ጃኬት ዚፕ ቀይረውልኝ ጥርሱ ግማሽ መንገድ ላይ ይነክሳል፣ ለሱ ሌላ ሰው ፈልጉ።

የጨርቅ ቁርጥራጭ በማዳበሪያ ሞልተው ያስቀምጣሉ፣ ትራስ መሙያ ለሚፈልግ በነፃ ይሰጣሉ፣ ስትጠይቋቸው ብቻ ነው እንጂ አይናገሩም። ቁልፍ የጎደለው ልብስ ከሆነ ቁልፉን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፣ የሳቸው ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ሁሉ ለየብቻው ነው፣ ሁለት አንድ ዓይነት አይገኝም። ሰኞ አትሂዱ፣ ገበያው ስለሚሞላ መቆሚያም የለም። አርብ በስግደት ሰዓት የሉም። ማክሰኞ ጠዋት ነው ጥሩው።