የሦስት ደቂቃ ሳቅ፦ የቨርቹዋል ተዋንያን ርካሽ ኮሜዲ ከደሴ ሲታይ

በቨርቹዋል ተዋንያን፣ ማለትም ካሜራ ፊት በራሳቸው ሳይሆን በኮምፒውተር በተሠራ ገጸ ባሕርይ በሚቀርቡ ሰዎች፣ የሚሠሩ አጫጭር የአኒሜሽን ኮሜዲዎችን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ሥራው ገና ያላለቀ ይመስለዋል። ገጸ ባሕርይዋ ስትራመድ እግሯ ወለሉን ሳይረግጥ ይንሸራተታል፤ ሲኒው መዳፏ ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ፀጉሯ ትከሻዋን በስቶ ይወጣል። ሁለት ሦስት ክፍል ካየ በኋላ ግን ጆሮው ስለተያዘ ዓይኑ ይህን ሁሉ ይተወዋል። ሥዕሉ ጸጥ ብሎ ስለሚቀመጥ ድምፁ እንደልቡ ይጫወታል። ቀጭኔዋን ፀሐይን በቴሌቪዥን እያዩ ያደጉ ልጆችም የአሻንጉሊቷ አፍ ከቃሉ ጋር ገጠመ አልገጠመ ብለው አልተከራከሩም፤ ድምፁን አምነው ተቀበሉ።

ለጀማሪ የምንመክረው «ሆሎ ኖ ግራፊቲ»ን ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩቲዩብ በነጻ የሚወጣ፣ ሆሎላይቭ የተባለው የጃፓን ድርጅት ቨርቹዋል ዩቲዩበሮች (በዩቲዩብ የሚሠሩ ቨርቹዋል ተዋንያን) ራሳቸው ድምፃቸውን የሚሰጡበት የጃፓን ተከታታይ ነው። አንዱ ክፍል ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ሞዴሎቹ፣ ማለትም በኮምፒውተር የተሠሩት ገጸ ባሕርያት፣ ቀላል ናቸው፤ የሚጫወቱበት ቤት ብዙ ጊዜ ያው አንድ ቤት ነው፤ ቀልዱ ግን ይይዛል። እነዚህ ተዋንያን በቀጥታ ስርጭት ለሰዓታት ሲያወሩ ስለሚውሉ ማን ሆዳም፣ ማን ፈሪ፣ ማን ነገረኛ እንደሆነች ተመልካቹ ያውቃል። ቡና ላይ የጎረቤቱን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው ግማሽ ቃል እንደሚበቃው ሁሉ፣ እዚህም ታሪክ ለማስተዋወቅ የሚባክን ደቂቃ የለም። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል፦ ተዋንያኑን ጨርሶ የማያውቅ ሰው የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ክፍሎች ታግሶ ማየት አለበት።

ይህ ዘዴ ከቨርቹዋል ዩቲዩበሮች በፊትም ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው «ጉዳጉዳ ፌሪስ» ሚኩሚኩዳንስ በተባለ ነጻ ሶፍትዌር የተሠራ፣ ሦስት ተረት ፍጡራን ቁጭ ብለው የሚያወሩበት የቴሌቪዥን ተከታታይ ነው። ምርጡ ክፍል ሦስቱ ድምፅ ሰጪዎች እንግዳ የሆነ ምስል እያዩ ከአፋቸው እንደመጣላቸው ንግግር የሚሰጡበት ነው፤ አንዷ ሳቋን መያዝ ሲያቅታት ገጸ ባሕርይዋ ቆማ ቀርታ ሴትዮዋ ራሷ ትሰማለች። ይህን ክፍል ያየ ሰው ስለዚህ ዓይነት ሥራ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ2019 እ.ኤ.አ. የታየው «ቨርቹዋል ሳን ዋ ሚቴይሩ» ግን አያረካም። በጊዜው ስመ ጥር የነበሩ ቨርቹዋል ዩቲዩበሮች ተሰባስበውበታል፤ 12 ክፍል አለው። ችግሩ የቆይታው ነው፦ አጭር ቀልድ ረዝሞ ይለጠጣል፣ መቆረጥ የነበረበት ዝምታ ሳይቆረጥ ያልፋል። ድሃ ሥዕል ይቅር የሚባለው አርታኢው መቀሱን በጊዜ ሲያነሳ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ከደሴም ሆነ ከኮምቦልቻ 8 ጊጋባይት ራም ባለው ላፕቶፕ ሊሠራ ይችላል። ለመነሻ ሦስት ሞዴል፣ አንድ ረከቦትና አንድ የቤት ክፍል ይበቃል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ሦስት ደቂቃውን ለሦስት መክፈል ነው። ሞዴሉን በቪሮይድ ስቱዲዮ መሥራት፣ ፊቱን በቪሲፌስና በተራ ዌብካም ማንቀሳቀስ፣ በኦቢኤስ መቅረጽ፤ ሦስቱም ሶፍትዌሮች በነጻ ይገኛሉ። ሞዴሉ ከቪሮይድ ሲወጣ ቪአርኤም 0.0 የሚለውን የፋይል ዓይነት መምረጥ ያስፈልጋል፤ ቪሲፌስ 1.0ን አይከፍትም፣ ብዙ ጀማሪም እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ላፕቶፑ ካቃሰተ ሞዴሉ በሚወጣበት በዚያው ገጽ ላይ የፀጉሩን ፖሊጎን (ቅርጹ የተገነባባቸውን ጥቃቅን ገጾች) መቀነስ ነው። ነጠላ አታሸክሟት፤ ክንዷን ባነሳች ቁጥር ጨርቁን ሰንጥቆ ይወጣል። ጥለቱን ቀሚሱ ላይ መሳል ይሻላል። የቤቱ መስኮት ከተዋናዩ ፊት ለፊት ይሁን፤ ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ፍሬም (በሴኮንድ የሚያነሳቸውን ምስሎች) ይቀንሳል፣ የገጸ ባሕርይዋም ዓይን መርገብገብ ይጀምራል።

ትልቁ ሥራ ከንፈር ላይ ነው። ሞዴሎቹ በጃፓንኛ ልክ ስለተሠሩ የአፍ ቅርጻቸው አምስት ብቻ ነው፦ አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ። የእኛ ፊደል ደግሞ ሰባት ቤት አለው። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ የየራሳቸውን አፍ ያገኛሉ፤ ግዕዝና ሳድስ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። «ወሎ» ሲባል «ሎ» ክብ ብላ ትወጣለች፣ «ወ» ግን አፍ የላትም። «ብትንትን» የሚለው ቃልማ ሁሉም ሳድስ ስለሆነ አፏ ወይ ጭራሽ አይከፈትም ወይ በ«ኢ» ቅርጽ ገጥጣ ትቀራለች። ማስተካከያው በእጅ ነው፦ ለግዕዝ የ«አ»ን ቅርጽ 40 በመቶ፣ ለሳድስ የ«ኢ»ን 20 በመቶ ይዞ መጀመር፣ ከዚያ በዓይን እያዩ ማረም። መ፣ በ፣ ፐ እና ጰ ላይ በሴኮንድ 30 ፍሬም ለሚሄድ ሥራ አፉ ቢያንስ ለ2 ፍሬም መገጠም አለበት፤ አለበለዚያ «አባባ» የሚለው «አዋዋ» ይመስላል። የሦስት ደቂቃ ንግግርን ሁሉ እንዲህ ማረም አድካሚ ስለሆነ ፊት በቅርብ በሚታይባቸው ቦታዎች ላይ ብቻ ቢደረግ ይበቃል።

ገንዘብ ካለ ማይክ ላይ ይውጣ። ተዋንያኑ በየቤታቸው ተለያይተው ከቀረጹ የወሎ ጨዋታ ይሞታል፤ አንዷ የሌላዋን ቃል ከአፏ ነጥቃ ካልጨረሰችው ምኑ ቀልድ ሆነ! አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ ለየአንዳንዳቸው ማይክ ወይም ስልክ በአንድ ስንዝር ርቀት ተደርጎ፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ማጨብጨብ፤ በኋላ ድምፆቹን አንድ ላይ ለመግጠም ያቺ ጭብጨባ ታገለግላለች። የሲሚንቶ ወለልና ባዶ ግድግዳ ድምፅ ስለሚመልስ ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ መስቀል ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ቀረጻን በጠዋት መጨረስ ይበጃል።

የተጠናቀቀውን ቪዲዮ ድምፁን ጨምሮ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ብትጨምቁት ሦስት ደቂቃው ወደ 22 ሜጋባይት ይሆናል፤ በስልክ ዳታ ለሚያይ ሰው ይህ ልክ ነው። እንዲህ ሲጨመቅ ቅጠልና ጥልፍልፍ የበዛበት ጀርባ ይበላሻልና ጦሳ ተራራን ከመስኮቱ ማሳየት ከፈለጋችሁ በሁለት ሦስት ጠፍጣፋ ቀለም ሳሉት። ሲቀረጽ ኦቢኤስ ላይ በፋይል ዓይነት ተራው ኤምፒ4 ሳይሆን ኤምኬቪ ይመረጥ። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ መብራት ሄዶ ድንገት ቢጠፋ ኤምፒ4ው አይከፈትም፣ ኤምኬቪው ግን እስከጠፋበት ሴኮንድ ድረስ ይተርፋል፤ መብራት ሲመጣ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ ወደ ኤምፒ4 ይቀየራል።