ወደ ጂንካ በትንሽ አውሮፕላን፦ ስለ ተጠቀምኩበት አገልግሎት የግል አስተያየት

ባለፈው ሚያዝያ ለአባታችን ሙት ዓመት ከካናዳ ወደ ጂንካ ተጉዤ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚበረው መደበኛ አውሮፕላን በምንፈልገው ቀን ሞልቶ ጠበቀን፤ የሙት ዓመት ቀን ደግሞ ለሌላ ሳምንት የሚተላለፍ ጉዳይ አይደለም። በአርባ ምንጭና በኮንሶ በኩል የሚወስደው መንገድ መሐል ላይ አድሮ የሚጨረስ በመሆኑ፣ ወገቧን የሚያማት እናታችን ያን ያህል ጊዜ መኪና ውስጥ ተቀምጣ መጓዝ አትችልም ነበር። ስለዚህ ወንድምና እኅት ተሰባስበን ገንዘብ አዋጣንና ከአንድ አነስተኛ የግል የአየር ትራንስፖርት ድርጅት ሴስና ካራቫን አውሮፕላን በኮንትራት ያዝን።

ድርጅቱ ዋጋውን የሚተምነው በመቀመጫ ሳይሆን በአውሮፕላን ነው። አውሮፕላኑ እኛን አድርሶ ባዶውን የሚመለስበትን፣ ከሦስት ቀን በኋላም ሊወስደን ባዶውን የሚመጣበትን በረራ የከፈልነው እኛው ነን። ይህን እንደ በደል አልቆጥረውም፤ ተሳፋሪ ኖረም አልኖረም ሞተሩ ያው ይሠራል፣ ነዳጁም ያው ይነድዳል። ሆኖም ስምንት ሆነን ተከፋፍለነው እንኳ ከበደን፤ ብቻውን ወይም ከአንድ ሕመምተኛ ጋር የሚጓዝ ሰው ፈጽሞ የሚደፍረው አይደለም።

ቦታ ስንይዝ ያገኘነው መስተንግዶ ግን የሚመሰገን ነበር። ስልክ ያነሳችው ሠራተኛ የእያንዳንዳችንን ክብደት ጠየቀች፤ ሻንጣችን ለየሰዉ ከ15 ኪሎ እንዳይበልጥና ጠንካራ ሳጥን ሳይሆን የሚተጣጠፍ ቦርሳ እንዲሆን ነገረችን፤ ምክንያቱንም ሳትሰለች አስረዳችን። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር የአውሮፕላን ሞተርም ክንፍም ጉልበታቸው ስለሚቀንስ፣ ቆላ ላይ ያለ ችግር የሚነሳው ጭነት እዚህ ይከብዳል። በመነሻችን ቀን ከነቦርሳችን አንድ በአንድ ተመዘንን፣ መቀመጫችንም በክብደታችን መሠረት ተደለደለ። እናታችን መጀመሪያ ቅር አላት፤ ለእሷ የተሰጣት ቦታ ለደረጃው የቀረበው መሆኑን ስታይ ግን ረካች።

በረራው አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀ። ካራቫን አንድ ሞተር ብቻ ያለው፣ የውስጡ አየር ግፊት እንደ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የማይጠበቅለት በመሆኑ፣ በጣም ከፍ ብሎ ለረጅም ጊዜ መብረር አይመችም። በዚህ የተነሣ አብራሪው ከጋሞና ከጎፋ ተራሮች በላይ ዘሎ ከማለፍ ይልቅ በሸለቆዎቹ በኩል ዞር እያሉ ወሰዱን። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ማሳውና መንደሩ፣ ከዚያም ወንዞቹ ወደ ኦሞ ሲወርዱ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። መጸዳጃ ቤት የለውም፤ ጩኸቱም የሚያነጋግር አይደለም። እነዚህን ሁለት ነገሮች አስቀድሞ ማወቅ ለአረጋውያን ይጠቅማል። ልጅ ሳለሁ አውሮፕላን ጂንካ ላይ የሚያርፈው በከተማው መካከል በነበረው የሣር ሜዳ ነበርና፣ አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራው የአስፋልት መንደርደሪያ ላይ ማረፍ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

ቅሬታዬ በመልሱ ጉዞ ላይ ነው። ሚያዝያ በደቡብ ኦሞ የዝናብ ወር በመሆኑ ጠዋት ተራሮቹን ደመና ይሸፍናቸዋል፤ አውሮፕላኑም ከአዲስ አበባ በሰዓቱ መነሳት አልቻለም። አብራሪው ደመና ውስጥ ከሚገቡ ብዘገይ እመርጣለሁ። ነገር ግን ድርጅቱ ጂንካ ላይ አንድም ሠራተኛ ስለሌለው፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ድረስ የሚያነጋግረን ሰው አላገኘንም። ስልክ ስንደውል አንዴ «ተነሥቷል»፣ አንዴ «አልተነሣም» ይሉን ነበር። እውነቱን ነግረውን ቢሆን እናታችንን ቤት አስተኝተን እንጠብቅ ነበር።

እዚያ ስንጠብቅ ልጅዋን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የምታደርስ አንዲት እናት ወደ እኛ ቀረበች። ከመካከላችን ሦስቱ እዚያው ስለቀሩ የምንመለሰው አምስት ብቻ ነበርን። ድርጅቱ መቀመጫ ለየብቻ እንደማይሸጥ ነግሯት ነበር፤ አውሮፕላኑን የተከራየነው እኛ በመሆናችን ግን ፈቃዱ የእኛ ነበር። አብራሪው እሷንም ልጇንም መዝነው፣ ስማቸውን በተሳፋሪዎች ዝርዝር አስገብተው፣ ከእኛ ጋር ወሰዷቸው። መቀመጫ በነጠላ የሚሸጥላት ቢኖር ኖሮ ያቺ ሴት የማታውቃቸውን ሰዎች ደጅ መጥናት ባላስፈለጋት ነበር።

ስለዚህ የአገልግሎቱ ጉድለት ያለው ከአውሮፕላኑ ይልቅ በአሻሻጡ ላይ ይመስለኛል። ለብዙ ዓመታት የኢንቨስትመንት ሕጋችን ከ50 በላይ መቀመጫ ባላቸው አውሮፕላኖች የሚሰጠውን የአየር ትራንስፖርት ለመንግሥት ከልሎት ስለነበረ፣ የግሎቹ ድርጅቶች በትንንሽ አውሮፕላን ኮንትራት ላይ ተወስነው ኖረዋል። ይሁን እንጂ በመደበኛ በረራ የሚሠራው፣ ከ70 በላይ መቀመጫ ያለው ኪው 400 አውሮፕላን የማይሞላበት ቀንና ከተማ ለትንሿ አውሮፕላን የተመቸ ገበያ ነው። ድርጅቱ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን ቢቆርጥና መቀመጫውን በነጠላ ቢሸጥ፣ ባዶውን የሚመለሰው አውሮፕላን ሰው ይዞ ይመለሳል፤ የባዶውን በረራ ዋጋም ስምንት ሰዎች ብቻ አይሸከሙትም። ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ልኬላቸዋለሁ።

በዚሁ መንገድ ለመሄድ ለምታስቡ፦ ከመክፈላችሁ በፊት የባዶ በረራው ዋጋ መካተቱን፣ አየሩ ከከለከለ የሌላ ቀን በረራ እንዴት እንደሚያዝላችሁ፣ በመድረሻው ከተማ የሚያነጋግራችሁ ሰው ማን እንደሆነ በውሉ ላይ አስጽፉ። ሰዓቱንም «ከጠዋቱ» ወይም «ከሰዓት በኋላ» ብላችሁ አረጋግጡ፤ በእኛ ውል ላይ በፈረንጆች ሰዓት አቆጣጠር 07:00 ተብሎ የተጻፈውን ወንድሜ ከሰዓት በኋላ 7 ሰዓት አድርጎ አንብቦት ነበር።