ስትሮክ ለመታው ሰው «ነርቭ የሚያነቃ» ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት

በቴሌግራምና በቲክቶክ «ስትሮክ ለመታው» እየተባለ የሚሸጠውን የኤሌክትሪክ የእግር ምንጣፍ ሳታዩት አትቀሩም። ሻጩ የታማሚውን እግር ምንጣፉ ላይ ያስቀምጣል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ባቱ ይንቀጠቀጣል። «አያችሁ፣ ነርቩ ነቃ!» ይላል። ነርቩ እኮ ድሮም አልተኛም።

ስትሮክ የሚጎዳው አንጎልን ነው። የእንቅስቃሴ ትእዛዝ ከአንጎል ተነስቶ፣ አብዛኛው ከአንጎል ግንድ ግርጌ ላይ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገርና በህብለ ሰረሰር በኩል ይወርዳል፤ ግራ አንጎሉ የተመታ ሰው ቀኝ ጎኑ የሚዝለውም ለዚህ ነው። የተቋረጠው እላይ ነው። ከህብለ ሰረሰር ወጥቶ ጡንቻው ጋ የሚደርሰው ነርቭም ሆነ ጡንቻው ራሱ በስትሮኩ አልተመቱም። ስለዚህ በቆዳ በኩል ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው ይሠራሉ፤ የጤነኛ ሰው እግር ቢሆንም ያው ነው። ካላመናችሁ ሻጩ መጀመሪያ የራሱን እግር ያስቀምጥ።

ኤሌክትሪክ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ሲራመድ የእግሩ ጣት መሬት ለሚጎትትበት ሰው፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንዱን ፓድ (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ተለጣፊ) ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል ጎላ ካለችው አጥንት ሥር፣ ሌላውን ቅልጥሙ ፊት ያለው ጡንቻ ላይ ይለጥፋል። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ልክ እግሩ ከመሬት ሲነሳ ነው፤ ታማሚውም አብሮ ለማንሳት ይታገላል። ቁም ነገሩ ትግሉ ነው፤ አንጎል ሌላ መንገድ የሚያበጀው ሰውየው ራሱ ደጋግሞ ሲሞክር ነው። ምንጣፉ ላይ ግን ታማሚው ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያያል። ደግሞም የሚኮማተረው ባቱ ነው፤ ከስትሮክ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚገታተረው ይኸው ባት ሲሆን፣ አልታዘዝ ያለው የፊተኛው ጡንቻ ነው።

ሻጮቹ የማይጠይቁት ጥያቄ ደግሞ አለ። ልቡ ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ያለው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ያለ ሐኪም ፈቃድ መንካት የለበትም። የሚጥል በሽታ ያለበትም እንደዚሁ። ቆዳው የደነዘዘ ሰው ሲቃጠል አይሰማውም። አንድ ባቱ ብቻ አብጦ፣ ሞቆ ካመመው ደም ረግቶበት ሊሆን ይችላል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ይገድላል። ይህ ምልክት ካለ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል እንጂ ማሽን፣ ማሸትም የለም።

ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበው ጊዜው ነው። ማገገሙ የሚፈጥነው በአመዛኙ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፤ ማሽኑን ተማምኖ ፊዚዮቴራፒ ያቋረጠ ሰው እነዚህን ወራት ያጣል። የደም ግፊት መድኃኒቱን አቁሙ የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁማ ወሬውንም አትስሙ፤ ሁለተኛ ስትሮክ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ያለ ምንም ማሽን፣ ባለሙያው ከፈቀደ፣ ከወንበር መነሳትን አለማምዱት። ወንበሩ ግድግዳ ይደገፍ። ታማሚው ወደ ጫፉ ይጠጋ፣ ተረከዙን ከጉልበቱ ወደ ኋላ ይሳብ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለቱም እግር እኩል ተጭኖ ይነሳ፣ ቀስ ብሎም ይቀመጥ። አስታማሚው በደካማው ጎን ይቁም፤ እጁን ይዞ ግን አይጎትተው፣ ትከሻው ይወልቃል።

ገዝታችሁ ከሆነ፣ ባለ ፓዱ ዓይነት ሄርዙ (በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ) እና የእያንዳንዱ ምት ርዝመት ለየብቻ የሚስተካከል ከሆነ ሊያገለግል ስለሚችል ፊዚዮቴራፒስቱ ጋ ይዛችሁ ሂዱ። ምንጣፉን ግን በቶሎ መልሱና ገንዘባችሁን ጠይቁ።