የወሎ ዜማና የዶርዜ ዜማ

ወሎ ውስጥ አዝማሪው ባለ አንድ ክር ማሲንቆውን ይዞ ብቻውን ያንጎራጉራል። ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው፤ ግን አዝማሪው እያጠፈ፣ እያንቀጠቀጠ ሲያዜማቸው ሆድ ያባባሉ። አድማጩም ዝም አይልም፤ “ተቀበል!” ብሎ ግጥም ይሰጠዋል። ሰምና ወርቁ የሚጣፍጠው ያኔ ነው።

ዶርዜ ሌላ ዓለም ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ፣ ጨንቻ አካባቢ ባለው ደጋ፣ ዘፈን የመንደሩ ነው። አንዱ ያነሳል፤ ሌሎቹ የየራሳቸውን ዜማ ይዘው ይገባሉ። ድምፆቹ እየተደራረቡ ይሄዳሉ፤ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም። ሥራና በዓል በጋራ ስለሚከናወን ይመስለኛል።

ለግጥም ወሎን አስቀድማለሁ። ለድምፅ ግን ዶርዜን የሚያህል የለም፤ በቀረጻ ሳይሆን እዚያው ሰዉ መሃል ቆማችሁ ስሙት።